በሙጫ የታሸገው ፖስታ

«ለምን አልወጣችሁም?»

ከበሩ ወዲያ ሆኖ የጠየቀኝ ይህንን ነው። ሁለት ወር ሙሉ ደጅ ሲጠና ከርሞ፣ «አንድ ጥያቄ ብቻ፣ ከዚያ እሄዳለሁ» ብሎ ለምኖኝ፣ እኔም «እሺ፣ ተናገር» ብዬው፣ ከአፉ የወጣው ይህ ነው። «እንደምን ነሽ» የለ፣ «የአባትሽን ነፍስ ይማር» የለ። ለምን አልወጣችሁም! ጎርፉ ቀጠሮ አስይዞ የመጣ ይመስል።

«ሂድ» አልኩት። «ሁለተኛ ይህን በር ብታንኳኳ ሙጫውን ከነድስቱ ነው የምደፋብህ።»

ሲተነፍስ ይሰማኛል። ከዚያ ደረጃውን ቀስ እያለ ወረደ። በሩን ተደግፌ ኮቴው እስኪጠፋ አዳመጥኩ። የምጠላውን ሰው ኮቴ እንዲህ አጥርቼ ማወቄ ራሱ አናደደኝ።

እኔ መጽሐፍ ጠራዥ ነኝ፤ የመጽሐፍ ጠራዥ ልጅ። አባቴን ሰፈሩ በሙሉ «ጋሽ ሙጫ» ይለው ነበር፤ እኔን ደግሞ «የሙጫ ልጅ»። ሱቃችን ታች ሰፈር፣ ወንዙን ከሚገታው ግንብ ብዙም ሳይርቅ ነበረች፤ አንዲት ክፍል፣ አንድ የብረት መጭመቂያ፣ ሰፊ ጠረጴዛና እስከ ጣሪያ የሚደርስ መደርደሪያ። የተገነጠለ መዝገብ፣ የተበጣጠሰ መማሪያ፣ ጀርባው የወለቀ መጽሐፍ ቅዱስ ይመጣልናል። ሰፍተን፣ ለጥፈን፣ አዲስ ሽፋን አልብሰን እንመልሳለን። በሕይወቴ ስንት መጽሐፍ ቅዱስ እንደጠረዝኩ አላውቅም፤ እውነቱን ልናገርና ግን ከመጽሐፍ ቅዱስ የማውቀው ጀርባውን ብቻ ነበር። አባቴ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ እኔ ፀጉሬን እታጠባለሁ።

አባቴ አንድ የማይሻር ደንብ ነበረው። ሰው መጽሐፉ ውስጥ የማያስቀምጠው ነገር የለም፤ ፎቶ፣ የደረቀ አበባ፣ የሐኪም ወረቀት፣ ለማንም ያላሳየው ደብዳቤ። እኛ መጽሐፉን ከመፍታታችን በፊት ቅጠል በቅጠል እንገልጥና ያገኘነውን ሁሉ ሳናነብ ፖስታ ውስጥ ከትተን፣ በሙጫ አሽገን፣ የባለቤቱን ስም ጽፈን ቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ እናኖራለን። መጽሐፉ ሲያልቅ ፖስታውም አብሮ ይሄዳል። «የሰው ምስጢር አደራ ነው» ይለኝ ነበር። «አደራ በላ ከምትባይ ጦምሽን እደሪ።»

በሩን ያንኳኳውን ሰው ደግሞ «ሜትር» ይሉታል። የውኃ መሥሪያ ቤት መሐንዲስ ነው። ቀኑን ሙሉ ረጅም መለኪያ ዘንግ ተሸክሞ የወንዙን ከፍታ ሲለካ ስለሚውል፣ ራሱም ዘንግ ስለሚያክል ነው ስሙ የወጣለት። የላይ ሰፈር ልጅ ነው፤ እናቱ የታወቁ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው፣ «እትዬ ጣቃ» የሚባሉት። «የሙጫ ልጅ ልጄ ላይ ተለጠፈች!» ብለው ከተማውን ያዳረሱ ሴት ናቸው። ስለዚህ ፍቅራችን የወረቀት ፍቅር ነበር። ሜትር የመሥሪያ ቤቱን መዝገብ ለጥረዛ ሲያመጣ መካከሉ ላይ በአራት የታጠፈ ነጭ ወረቀት አለ፤ ማንም ቢያገኘው እንዳያውቅ በላዩ ስም አይጻፍበትም። እኔም መልሴን ከአዲሱ ሽፋን ሥር እሸጉጥለታለሁ። በእሱ መዝገብ ላይ የአባቴን ደንብ እጥስ ነበር። የሌላ ሰው መጽሐፍ ላይ ግን ጥሼ አላውቅም።

ዝናቡ በጀመረ በሦስተኛው ቀን ጠዋት የእትዬ ጣቃ ሾፌር መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ይዞ መጣ። «ሌላ ጠራዥ የለም ወይ?» ብለው ጠይቀው «የለም» ስለተባሉ ነው አሉ፣ ወደ እኛ የላኩት። አባቴ ሳቀና ተቀበለው። እኔ ገላልጬ ያገኘሁትን አወጣሁ፤ የሕፃን ፎቶ፣ የሚጸለይላቸው ሰዎች ዝርዝር፣ የደረቀ ቅጠል፣ በአራት የታጠፈ ነጭ ወረቀት። ወረቀቱ ላይ እጄ ዘገየ። የሴትዮዋን ምስጢር ባየው ብዬ ተመኘሁ፣ አልዋሽም። አባቴ ከመነጽሩ በላይ አየኝ።

«ልጄ፣ አደራ» አለኝ።

አፈርኩ። ከሌሎቹ ጋር ከተትኩት፣ ሙጫ ቀባሁ፣ በጥፍሬ ጫን አድርጌ አሸግኩት።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ሦስት የጭነት መኪናዎች በራችን ላይ አልፈው እዚያው ሰፈራችን ያለውን የእትዬ ጣቃን መጋዘን ባዶ አደረጉት። ያንኑ ሾፌር «ምን ተገኘ?» ብዬ ብጠይቀው «ቀለም ሊቀባ ነው» አለኝ። በዚያ ዝናብ ቀለም! አባቴና እኔ ሆዳችንን ይዘን ሳቅን።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ወንዙ ግንቡን አልፎ መጣ።

ውኃው ጉልበታችን ሲደርስ ጎረቤታችን ካለው ፎቅ ቤት ደረጃ ላይ ወጣን። አባቴ ግን ተመለሰ። «የሰው ንብረት ነው» አለኝ። አንድ ጊዜ ሄዶ መዝገቦች አቀበለኝ። ሁለተኛ ሄዶ የእትዬ ጣቃን መጽሐፍ ቅዱስና ቆርቆሮ ሳጥኑን አቀበለኝ፤ ውኃው ደረቱ ላይ ነበር። «በቃ፣ አባዬ!» ብዬ ጮህኩ። «አንዴ ብቻ» አለኝ። ሦስተኛ ጊዜ ሲገባ ግድግዳው ተናደ።

ይህን ከዚህ በላይ አልተርከውም።

ሦስቱ መኪናዎች ትዝ ያሉኝ ከቀብሩ ስመለስ ነው። ቀለሙ ትዝ አለኝ። ሜትር እኮ ወንዙን የሚለካ ሰው ነው! ያውቅ ነበር። አውቆ የእናቱን ጨርቅ አወጣ፤ እኔና አባቴ አንድ ጣቃ ጨርቅ ሳናክልበት ቀረን። ደብዳቤዎቹን አንድ በአንድ አስታወስኩ፣ «ካላንቺ መኖር አልችልም» የሚለውን ሁሉ። ሳቅ ሳቅ አለኝ። መከዳት ማለት ይህ ነው አልኩ።

የቤተ ክርስቲያኑ ሰዎች ከአዳራሻቸው በላይ ያለችውን ትንሽ ክፍል ሰጡኝ። አዳራሹ ውስጥ ቤታቸው የፈረሰ የታች ሰፈር ሰዎች ተጠልለዋል። እኔ እዚያ ላይ ሆኜ የተረፉትን መጽሐፎች ማድረቅ ያዝኩ። ከሁሉም የባሰው የእትዬ ጣቃ ነበር።

የራሰ መጽሐፍ ትዕግሥት ይጠይቃል። ፀሐይ ላይ ከተሰጣ ይጨማደዳል፤ ተዘግቶ ከተተወ ይሻግታል። ከእያንዳንዱ ቅጠል ሥር ውኃ የሚመጥ ወረቀት ይነጠፍና ይጠበቃል፤ ሳይደርቅ ከተገለጠ ይቀደዳል። ቅጠሉ እሺ እስኪል አብሮ መቀመጥ ነው። አብሬ ስቀመጥ ምን ልሥራ? አነበብኩ።

በንዴት ነው ያነበብኩት። «እስቲ ምን ትላለህ?» እያልኩ። አባቴ ያንተን መጽሐፍ ሊያተርፍ ውኃ ውስጥ ሲገባ የት ነበርክ? መዝሙረ ዳዊት ላይ ስደርስ ውኃ የደረሰበት፣ ጉሮሮው እስኪደርቅ የሚጮህ ሰው አገኘሁ። እንዲህ ያለ ጩኸት እዚያ ውስጥ የተፈቀደ አይመስለኝም ነበር። እኔም ጮህኩ። «አንተም ከድተኸኛል!» አልኩት። ለእግዚአብሔር ጮክ ብዬ የተናገርኩት የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው፤ ጸሎት ነው ብዬም አልነበረም። ተናግሬ ስጨርስ ግን ክፍሏ ባዶ አልመስል አለችኝ። የሚሰማኝ እንዳለ ተሰማኝ፣ ያልተቆጣኝም። ያን ቀን አባቴ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ልጅ አለቀስኩ።

ወደ መጨረሻው ያለ አንድ ቅጠል ሦስት ቀን አልደርቅ አለኝ። ዶሮ ሳይጮህ ጌታውን «አላውቀውም» ብሎ የካደው ዓሣ አጥማጅ፣ ከዚያው ከካደው ጌታ ጋር በሐይቁ ዳር የተገናኘበት ገጽ ነው። ፍም አለ፣ ቁርስ አለ። እኔ በጌታው ቦታ ብሆን ሙጫውን እደፋበት ነበር። እሱ ግን «ለምን ካድኸኝ?» አላለውም። «ትወደኛለህ?» ነው ያለው፣ ሦስት ጊዜ። ከዚያ በጎቹን እንዲጠብቅ ሥራ ሰጠው። ሦስት ቀን ሙሉ በዚህ ገጽ ተናደድኩ። ምን ዓይነት ዕዳ ነው እንዲህ በአንድ ጥያቄ የሚታለፈው? በሦስተኛው ቀን ቅጠሉ ደረቀ፤ እኔ ግን ቶሎ አልገለጥኩትም። በሚቀጥለው እሑድ ወደ አዳራሹ ወርጄ ከኋላ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። አባቴ ሙጫ ሲያማስል የሚያንጎራጉረውን መዝሙር ዘመሩ። አፌን አልከፈትኩም፣ ተነሥቼም አልወጣሁም።

ሜትርን ከበር ካባረርኩ በሦስተኛው ቀን እትዬ ጣቃ ራሳቸው መጡ።

ሾፌራቸውን አንድ ጊዜ ልከው «አልደረቀም» ብዬ መልሼው ነበር። አሁን መጽሐፉ አልቋል፤ ጥቁር ሽፋን አልብሼ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬዋለሁ። ሴትዮዋ ደረጃውን ወጥተው ትንፋሻቸው ተቆራርጧል። ያዘጋጀሁላቸው ስድብ ብዛቱ! ተቀመጡ ሳልላቸው ተቀመጡና ቀደሙኝ።

«ጨርቁን አስታወስኩ» አሉ። «አንድ ጣቃ ሳይቀር አስጫንኩ። መጽሐፌን ግን ረሳሁት። አባትሽን ደግሞ...» አልጨረሱትም።

«ያውቁ ነበር?»

«ከቀትር በኋላ ነገረኝ። ከሥራ ያባርሩኛል፣ ለማንም አትንገሪ አለኝ። እኔም ለልጄ ብዬ አፌን ያዝኩ። ይኸው ነው፣ ሌላ ሰበብ የለኝም።»

እንዲህ ፊት ለፊት የተናዘዘ ሰው ምን ይባላል? ሳጥኑን ከፍቼ ፖስታውን ከመጽሐፉ ጋር ሰጠኋቸው።

«ይህ ምንድን ነው?»

«መጽሐፉ ውስጥ የነበረ ነው። ማንም አላነበበውም። የአባቴ ደንብ ነው።»

ቀደዱት። ፎቶውን አይተው ከንፈራቸውን መጠጡ። ዝርዝሩን አዩ፣ የደረቀውን ቅጠል አዩ። ነጩን ወረቀት ገልጠው አንድ ሁለት መስመር አነበቡና ወደ እኔ ዘረጉት።

«ይህ የኔ አይደለም» አሉ። «የልጄ ጽሕፈት ነው። ያንቺ ነው።»

ተቀብዬ አነበብኩ።

«ፍቅሬ፣ ዛሬ ማለዳ ከላይኛው ድልድይ ለካሁ። ዝናቡ ካላቆመ ወንዙ ነገ ሳይነጋ ግንቡን ያልፋል። ስልኩ ከተቋረጠ ሁለት ቀኑ ነው፣ እኔም ወደ ቢሮ ተጠርቻለሁ። ወደ እናንተ የሚመጣ ሌላ ነገር ስላጣሁ የእማዬ መጽሐፍ ውስጥ ከትቼዋለሁ። አባትሽን ይዘሽ ሳይመሽ ውጪ። ትምህርት ቤቱ ደረጃ ላይ እጠብቅሻለሁ። አለቃችን ሰው ይደናገጣል ብሎ ወሬው እንዳይወጣ ከልክሎናል። ለማንም አትንገሪ፣ ሥራዬን አጣለሁ።»

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለት ወር ሙሉ ከትራሴ አጠገብ ነበር። ከዚያ በፊት ደግሞ አባቴ ውኃ ውስጥ ቆሞ በገዛ እጁ አቀብሎኛል። እሱን ሊያድን የሚችለውን ወረቀት አደራ ብሎ አዳነው።

«እኔ ነኝ ያሸግኩት» አልኩ። ድምፄ የኔ አልመስል አለኝ። «በጥፍሬ ጫን አድርጌ።»

እትዬ ጣቃ ከወንበራቸው ተነሥተው እጄን ያዙ። በሙጫ የደረቀ እጄን፣ ልጃቸውን እንዳይነካ ሲፈሩት የኖሩትን እጅ። «ልጄ» አሉኝ። እኔም ደረታቸው ላይ ወደቅኩ። ሌላ የምወድቅበት ደረት አልነበረኝም።

«እታች ቆሟል» አሉኝ ቆይተው። «ልጥራው ወይስ ይሂድ?»

«ይምጣ።»

ዘንግ የሚያክለው ሰው ጎብጧል። ወረቀቱን አሳየሁት።

«ዛሬ ነው ያነበብኩት» አልኩት። «አሁን። ታሽጎ ነው የኖረው። ከሰው መጽሐፍ ውስጥ የወጣ ነገር አይነበብም፣ የአባቴ ደንብ ነው።»

መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው በሩ ሥር ቁጭ አለ።

«አንብባችሁ አባትሽ እምቢ ብለው የቀራችሁ መስሎኝ ነበር» አለ። «እስኪነጋ ትምህርት ቤቱ ደረጃ ላይ ቆሜ ጠብቄያችኋለሁ። ሁለት ወር ሙሉ፣ ነግሬያቸው ነበር፣ ነግሬያቸው ነበር እያልኩ ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ።»

ለምን አልወጣችሁም ያለኝ ለዚህ ነበር። ጥያቄ እንኳ አልነበረም፣ ልመና ነበር። ግን ያ ከሰዓት በኋላ አለቀቀኝም።

«መኪናዎቹ ሲጫኑ የት ነበርክ?»

«መጋዘኑ ውስጥ። አብሬ ስጭን።»

«ከሱቃችን ስንት እርምጃ ነው?»

ለኪ አይደል፣ ያውቀዋል። «መቶ ሃያ» አለ።

«እንታይህ ነበር?»

«አይቻችኋለሁ። በመስኮቱ። ከአባትሽ ጋር ስትስቁ።»

በቀለሙ ስንስቅ ነው። ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ለምን አልመጣህም?»

«እማዬ አጠገቤ ነበረች። ትቻታለሁ ብዬ ዋሽቻት ነበር፣ ስላንቺ። ደብዳቤው ደርሷታል፣ ታውቃለች ብዬ ራሴን አታለልኩ። ፈራሁ። ሌላ ምን ልበልሽ? ፈራሁ።»

እትዬ ጣቃ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ደብዳቤ ልኮልኛል፣ ከድቶኛልም። አንዱ ሌላውን አልሰረዘልኝም። «ለማንም አትንገሪ» የምትለዋ መስመር ደግሞ ከሁሉ በላይ ወጋችኝ። ታች ሰፈር የሁለት መቶ ሰው ቤት ነበር፤ እታች አዳራሽ ውስጥ የተኙት እነሱ ናቸው፣ የተረፉት።

«ይቅር በይኝ» አለኝ።

ይቅር ብዬሃለሁ ልለው አፌን ከፈትኩ፤ ውሸት እንዳይሆንብኝ ዘጋሁት። የመጣልኝ ያ ሦስት ቀን አልደርቅ ያለ ገጽ ነው።

«ትወደኛለህ?» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። ዓይኑ ቀልቷል። «እወድሻለሁ።»

«እንግዲያው እሑድ ና። ይህን ደብዳቤ ለታች ሰፈር ሰዎች አንብብላቸው። አንዲት ቃል ሳታስቀር። ለማንም አትንገሪ የምትለዋንም።»

«ሥራዬ...» ብሎ ጀመረና ራሱን ሰማ። ወረቀቱን ተቀብሎኝ ኪሱ ውስጥ ከተተው። ሲወጣ ይመጣል ብዬ አላመንኩም፤ እንዲመጣ ግን መመኘቴ ራሴን አስደነገጠኝ።

እሑድ መጣ።

ጸሎቱ ካለቀ በኋላ ፊት ወጥቶ ቆመና የውኃ መሥሪያ ቤት መሐንዲስ መሆኑን ተናገረ። ወረቀቱን አውጥቶ አነበበ። «ለማንም አትንገሪ» ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ ሰዎቹን አያቸውና ደግሞ አነበባት። የልጅ ልጃቸውን ውኃ የወሰደባቸው አንዲት አሮጊት ከመካከል ተነሡ።

«ለኛስ?» አሉት። በቁጣ አልነበረም። የእውነት መልስ ፈልገው ነው።

«ለእናንተ አልጻፍኩም፣ እማማ» አለ። «ሥራዬን ፈርቼ።»

አሮጊቷ ቀስ ብለው ተቀመጡ። አንድ ሰው በሩን ወርውሮ ወጣ። የሚያለቅስ ነበር፣ ጥርሱን የሚያፋጭ ነበር፤ ነገ አለቃው ጋ እንደሚሄዱ የሚማከሩም ነበሩ። ሜትር ፊት ወዳለው አግዳሚ ተመልሶ መካከሉ ላይ ተቀመጠ። በግራ በቀኝ የነበሩት አንድ በአንድ ተነሥተው ወደ ሌላ አግዳሚ ሄዱ። እናቱ በሩ ላይ ቆመው ቀሩ፤ መግባትም መሄድም አልሆነላቸውም። ያ ረጅም ሰው እዚያ ባዶ አግዳሚ ላይ ያለ ልክ አጠረብኝ።

እኔ ከኋላ ነበርኩ። ቁስሌ እንዳለ ነው፤ መቶ ሃያውን እርምጃ እስክሞት አልረሳለትም ይሆናል። ግን ያን ፖስታ ያሸገው ጥፍር የኔ ነው፣ እሱንም አልረሳውም። «ጌታ ሆይ» አልኩ በልቤ፣ «ልቤ አልተነሣም። እግሬን ብቻ አንሣልኝ።» መዝሙሩ ተጀመረ፤ አባቴ የሚያንጎራጉረው። ተነሥቼ በመካከላቸው አለፍኩ። ሁሉም ያየኛል፣ የጋሽ ሙጫን ልጅ። አግዳሚው ጋ ስደርስ ሜትር ቀና ብሎ አየኝ፣ እንደሚመታ ሰው ተሸማቆ።

«ጠጋ በል» አልኩት።